ከማሽኑ አይወጣም

"ትናንት ከሰዓት በኋላ የሚከራይ አንድ ክፍል ቤት ሲፈልጉ ነበር" አለ ኮምፒውተሩ። "ከአከራይዋም ጋር ተጻጽፈዋል። አድራሻውን ላንብብልዎት?"

ክው አለች። የጠየቀችው ሌላ ነው፤ ትናንት የጀመረችው የትርጉም ሥራ የት እንደገባ ብቻ። እሱ ግን ጉዷን ሁሉ ዘረገፈው። ዞር ብላ በሩን አየች። ትንሿ ልጇ ምንጣፉ ላይ ትጫወታለች እንጂ ሌላ ሰው የለም።

ይህን የኮምፒውተር ረዳት የጫነው ባሏ ነው፤ በቅርቡ። ስክሪኑ ላይ ያለፈውን እያየ ይተረጉማል፣ ያስታውሳል፣ ለጠየቀው ይመልሳል። የውጭ ሰው እንዳያየው ብላ ስትሰጋ፣ ያየው ነገር ከማሽኑ ንቅንቅ አይልም ብሎ ሳቀባት። የውጭ ሰውንማ ማን ፈራ! ባሏ መምህር ነው፣ ሰፈሩ በትሕትናው ይምልበታል፤ የቤት ቀጋ የውጭ አልጋ። ክንዷ የተሰበረ ጊዜ ለሐኪሙ ከደረጃ ወደቅኩ ያለችው እሷው ናት። ስልኳን ማታ ማታ ይፈትሻል፤ ለዚህ ነው ቤቱን በሥራ ኮምፒውተሯ የፈለገችው። መልእክቱን አጥፍታዋለች። ለካ ይሄ ጉደኛ ቀድሞ አይቶት ኖሯል።

"ያየኸውን ማጥፋት ትችላለህ?"

"እችላለሁ። የጫነኝ ሰው ግን የጠፋ ነገር እንዳለ ያያል።"

ብታጠፋው ጉድ፣ ብትተወው ጉድ። ትምህርት ቤቱ ሊለቀቅ ነው። ባሏ መምጣቱ ነው።

"እማዬ፣ አባዬ መጣ?"

"አልመጣም የኔ ቆንጆ። ጫማሽን አድርጊ።"

ያ ቤት ከእንግዲህ አይሆናትም። የቀረቻት የተሰበረ ክንዷን ያሰረችላት ነርስ ናት። የደረጃውን ወሬ አላመነችም ነበር፤ በፈለግሽ ሰዓት ነይ፣ ቤቴ ቤትሽ ነው ብላ፣ የምትኖርበትን በጆሮዋ ነግራታለች። ይሄ የትም አልተጻፈም።

ስልኳን ጠረጴዛው ላይ ትታ ልትወጣ ብድግ አለች። ከበሩ ተመልሳ ተቀመጠችና ለአከራይዋ ጻፈች፦ "እትዬ፣ ቤቱን ትቼዋለሁ። አሁኑኑ ክፍለ ሀገር ወንድሜ ጋ ልሄድ ነው።"

"የአውቶቡስ ሰዓት ልፈልግልዎት?" አላት ረዳቱ።

"ፈልግልኝ" አለችው። የልጇን እጅ ይዛ፣ ፈልጎ እስኪጨርስ ጠበቀችው። ደህና አድርጎ ይየው፤ ባሏ ሲጠይቀው የክፍለ ሀገሩን መንገድ ይንገረው።