ትከሻው ሲለቀው

ጡረታ የወጣው የአውቶቡስ ሹፌር ከባለቤቱ ጋር አንድ ቤት ውስጥ እንደ ሁለት ተከራይ ይኖር ነበር። በምን እንደተኳረፉ ቢጠየቅ እሱም በቅጡ አያስታውስም። ብቻ ዓመታት አለፉ።

ከጥቂት ወራት በፊት ግን ሁለቱም ትከሻዎቹ ተያዙ። ጠዋት ጠዋት ክንዱ ከደረቱ በላይ አልሄድ ይለዋል። ባለቤቱ ሳትጠራ ትመጣና፣ አንድም ቃል ሳትተነፍስ፣ እጁን በሸሚዙ እጅጌ ታስገባለታለች፤ ቁልፎቹን ከታች ጀምራ እስከ አንገቱ ትቆልፍለታለች። ያገኘው ሰው ሁሉ «እርጅና ነው» አለው። እሱም እሰየው አለ። እርጅና አይድንማ! ጣቶቿ የሚነኩት በዚያች ሰዓት ብቻ ነበር፤ ያቺን ሰዓት ማጣት አልፈለገም።

በመጨረሻ እሷው ጎትታ ሐኪም ቤት ወሰደችው። አልትራሳውንድ የምታነሳው ሐኪም ትከሻው ላይ ቀዝቃዛ ጄል ቀብታ መሣሪያውን ወዲያ ወዲህ አንሸራተተች።

«አባባ፣ እዚህ ጋ ሲነካ ያምዎታል?»

«ኧረ ምንም!» አለ ጥርሱን ነክሶ።

«ምስሉ ግን እንደዚያ አይልም።» ስክሪኑን ወደ እነሱ አዞረችው። «ይቺ ጥቁሯ ፈሳሽ ናት። በሁለቱም ትከሻ አለች። መገጣጠሚያዎችዎ ተቆጥተዋል፤ ከደም ምርመራውም ጋር ይገጥማል። እርጅና ብቻ አይደለም፣ በእርስዎ ዕድሜ የሚመጣ በሽታ ነው። የሚታዘዝልዎትን ኪኒን ሲጀምሩ በቀናት ውስጥ ይለቅዎታል።»

«ቢቀርስ? ለምጄዋለሁ እኮ።»

«ምኑን ነው የለመድከው?» አለች ባለቤቱ።

እሱ ዓይኑን ስክሪኑ ላይ ወዳለችው ጥቁር ነገር መለሰ። ደስታም ሐዘንም አልተሰማውም።

ኪኒኑ እንደተባለው ሠራ። ሳምንት ሳይሞላ ክንዱ ከራሱ በላይ ወጣ። ለማንም ትንፍሽ አላለም። ጠዋት አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጦ፣ ክንዶቹን እንደ በድን አንጠልጥሎ ጠበቃት። መጣች። እጅጌውን አስገባችለት፤ ቁልፎቹን ጀመረች፤ ደረቱ ላይ ስትደርስ ቆም አለች።

«ትናንት ሻንጣውን ከቁም ሳጥኑ ላይ ስታወርድ አይቼሃለሁ» አለችው።

ቁጣ ቢኖርባት በተሻለው ነበር። አልነበረባትም።

«እንግዲህ ድነሃል። እኔም ልረፍ።»

በሩን ቀስ አድርጋ ዘግታ ወጣች። የቀሩትን ቁልፎች ራሱ ቆለፈ፤ ቅንጣት ታህል አላመመውም። ከዚያ የሚሄድበት ሳይኖረው፣ አምሮ እንደለበሰ፣ እዚያው ተቀመጠ።