የረካ ተጠቃሚ

ዓይናለም ደብረ ታቦር ከሚገኘው ቢሮዋ ቁጭ ብላ በስልክ የምትጠይቀው አንድ ነገር ነበር፤ የተሠራላችሁ ድልድይ እንዴት ነው? የምትሠራበት ድርጅት በጉና ተራራ ዙሪያ ባሉ ገደላማ ቀበሌዎች ለእግረኛ የሚሆን ተንጠልጣይ ድልድይ ይሠራል። ሪባን ተቆርጦ፣ ፎቶ ተነሥቶ፣ እንግዶቹ በልተው ከሄዱ በኋላ ሰዉ ምን እንደሚል የሚጠይቅ ያስፈልጋል፤ ያ የእሷ ሥራ ነው። የሰማችውን «ውጥን» በሚባል የፕሮጀክት መከታተያ ሶፍትዌር ታስገባለች፤ አዲስ አበባ ያሉት አለቆች በኢንተርኔት ያዩታል። ምልክቱ ቀይ ከሆነ መሐንዲስ ይላካል፤ አረንጓዴ ከሆነ ፋይሉ ይዘጋል።

መጠየቁ ግን የዋዛ አልነበረም። የጉና ሰው ስልክ አንሥቶ «ድልድያችን ሊወድቅ ነው» አይልም፤ ነውር ነው። መጀመሪያ የአንቺን ደህንነት ይጠይቃል፣ ቀጥሎ የቤተሰብሽን፣ ቀጥሎ የከብቶችሽን፤ ከብት የለኝም ብትዪው ያዝንልሽና መጠየቁን ይቀጥላል። ስለ ራሱ ስትጠይቂው «ደህና ነው፣ ተመስገን» ይላል፤ ቤቱ እየተቃጠለም ቢሆን ይላል፤ ክፉ ወሬ ከምስጋና ቀድሞ አይወጣምና። ከዚያ ትንሽ ዝም ይልና «ብቻ...» ብሎ ይጀምራል። ጉዳዩ የሚመጣው ያኔ ነው። ዓይናለም የዚያው አገር፣ የገሳይ ልጅ ናት፤ ይህን የሚያስተምራት አያስፈልጋትም። ሦስት ዓመት ሙሉ ስልኩን በትከሻዋና በጆሮዋ መሐል አጣብቃ ያንን ዝምታ ስትጠብቅ ኖራለች። የላከችው ቀይ ምልክት ሁሉ የተገኘው በዚህ መንገድ ነው።

ያስመረራት ኔትወርኩ ነበር። የውጥን ቅጽ ረጅም ነው፤ ሰዉ ያለውን እንዳለ የምትጽፍበት ሰፊ ቦታ አለው። ግማሽ ገጽ ከጻፈች በኋላ መስኮቱ ላይ ያቺ ክብ ነገር ትዞራለች፣ ትዞራለች፣ ከዚያ የተጻፈውን ሁሉ ይዛ ትጠፋለች። አንድ ቀን ያንኑ ሪፖርት አራት ጊዜ ጽፋ አራት ጊዜ ጠፋባት፤ አለቀሰች። እንባዋን እንኳ በወጉ ሳትጠርግ፣ ስለ ሶፍትዌሩ አስተያየት ስጡ የሚለውን ሳጥን ከፍታ «ቅጹ በዛ። አንድ ጥያቄ አንድ መልስ አድርጉልን» ብላ ላከች። የሚያነበው ይኖራል ብላ አልነበረም።

አንብበውት ኖሯል። ከሁለት ወር በኋላ ቃለአብ የሚባል የሶፍትዌሩ ባለሙያ ከአዲስ አበባ ደወለላት። «ያልሽው ሁሉ በአዲሱ ማሻሻያ ገብቷል፤ እንደ አንቺ ያለ ተጠቃሚ ነው የሚያሠራን» አላት። እውነትም ገብቷል። ሚያዝያ ላይ ውጥንን ስትከፍት ሰፊው ቦታ ጠፍቶ በምትኩ ሦስት ቁልፎች ተደርድረው አገኘች፤ አረንጓዴ፣ ቢጫ፣ ቀይ። አረንጓዴውን ስትነካው ፋይሉ ተዘግቶ የሚቀጥለው ሰው ስልክ ቁጥር ራሱ ይመጣል። በጥጉ ላይ ደግሞ ደቂቃ የምትቆጥር ሰዓት አለች። በየሳምንቱ የትኛው ቅርንጫፍ ብዙ ሰው እንዳነጋገረ ይወጣል፤ ደብረ ታቦር አንደኛ ወጣ። ሥራ አስኪያጁ አቶ አስናቀ በስብሰባ ላይ ስሟን ጠርተው አስጨበጨቡላት። ደስ አላት፤ ለምን ይዋሻል።

ለየኔታ መዝገቡ የደወለችው ግንቦት ውስጥ ነው። የኔታ ከገሳይ በላይ ባለ ደብር ቅኔ ያስተምራሉ፤ ፊደል ስለሚያውቁና ስልክ ስላላቸው የድልድዩ ኮሚቴ ሰብሳቢ አድርገዋቸዋል። ሰላምታው ሲያልቅ ስለ ድልድዩ ጠየቀቻቸው፤ «ደህና ነው፣ ተመስገን» አሉ። ጣቷ አረንጓዴውን ቀድሞ ነክቶታል። የሚቀጥለው ቁጥር መጣ። «ብቻ ልጄ...» ሲሉ ሰማቻቸው። አልሰማሁም ማለት አትችልም፤ ጥርት አድርጋ ሰምታ ነው የዘጋችባቸው። ማታ እደውላለሁ ብላ ለራሷ ቃል ገባች። ማታ የየኔታ ስም ከዝርዝሩ ወጥቷል፤ እሷም በዚያ ቀን አርባ ሦስት ሰው አነጋግራለች። ረሳችው።

ሐምሌ አጋማሽ ላይ ድልድዩ ወደቀ። የወዲያ ማዶው ገመድ ከነማሰሪያው ተነቅሎ ወጣ። ጌጡ የሚባል ገበሬና ሚስቱ አሰለፈች ያስፈጩትን ገብስ ተሸክመው ከወፍጮ ሲመለሱ መሐል ላይ ነበሩ፤ ወንዙ ደግሞ አፍ እስከ ገደፉ ሞልቷል። ጌጡን በሦስተኛው ቀን ከታች አገኙት። አሰለፈች አልተገኘችም። አራት ልጆች ቀሩ።

አቶ አስናቀ ወሬውን እንደሰሙ ውጥንን ከፈቱ። አረንጓዴ። ቀኑ አለ፣ የዓይናለም ስም አለ፣ ከሥሩ «ተጠቃሚው ረክቷል» ይላል። ትንፋሻቸው ተመለሰ።

«ሰብሳቢው በአፋቸው ደህና ነው ካሉ እኛ ምን እናድርግ? ይህንኑ በፊርማቸው ያረጋግጡልን። አንቺ ያገሩ ልጅ ነሽ፤ ሂጂና አስፈርሚያቸው።»

«አቶ አስናቀ፣ የኔታ እኮ...»

«ደህና ነው አላሉሽም?»

«ብለዋል።»

«በቃ!»

እሷም በቃ አለች። የሥራ ውሏ ጳጉሜን ላይ ያበቃል፤ እንደሷ ያለ ተመራቂ ደግሞ ከቢሮው በር አይጠፋም። ፈሪ ነበረች፤ ሌላ ስም የለውም።

እስከ ገሳይ በመኪና፣ ከዚያ ወዲያ በጭቃ በእግሯ ሄደች። የኔታን ከጎጇቸው ደጅ ተቀምጠው አገኘቻቸው። ተማሪዎቹ የሉም፤ ከቀብሩ ወዲህ ጉባኤውን በትነውታል። ሲያዩዋት በምርኩዛቸው ተደግፈው ሊነሡ ሞከሩ።

«ኧረ በማርያም፣ አይነሡ የኔታ! ዓይናለም ነኝ፤ በስልክ የምጠይቅዎት።»

«አንቺ ነሽሳ?» አሉና እጇን ያዙ። «እኔ ነኝ ልጄ የገደልኋቸው። የወዲያው ገመድ ማሰሪያ መላላቱን በዓይኔ አይቻለሁ። ያን ለት ልነግርሽ ስል መስመሩ ጠፋ። እዚህ መስመር አንዴ ቢይዝ አሥሬ አይዝም፤ ለመደወል ከኮረብታው መውጣት ነው። ነገ እወጣለሁ፣ ነገ እወጣለሁ ስል ጉልበቴም እንቢ አለኝ፣ ክረምቱም ገባ። በእኔ ስንፍና ሁለት ነፍስ ጠፋ።»

ዓይናለም አጠገባቸው ቁጭ አለች። መስመሩ አልጠፋም የኔታ፣ እኔ ነኝ የዘጋሁብዎት። ይኸው ነው የሚባለው። ሰውየው መስመር ቢቋረጥ እንጂ ሰው ሰውን በንግግር መሐል ይዘጋበታል ብለው አላሰቡም፤ አንድ ዓረፍተ ነገር ከሷ ቢወጣ ሸክማቸው ይወርድላቸው ነበር።

«አዎ የኔታ» አለች። «መስመሩ ያስቸግራል።»

ከዚያ ወረቀቱን አወጣች። ምን እንደሚል ጠየቋት።

«ድልድዩ ደህና ነው ማለትዎን ነው።»

«ብያለሁ። ያልሁትን አልክድም።»

ወረቀቱን ጉልበታቸው ላይ ዘርግተው ብዕሯን ተቀበሏት። በድሮ የቁም ጽሕፈት፣ አንድ አንድ ፊደል እያሳመሩ ጻፉ። ስታየው ከስማቸው በፊት ያልታዘዙትን ቃል ጨምረዋል፤ «ኃጥእ መዝገቡ» ይላል። ይሰርዙት ልትል ፈለገች፤ በምን አፏ።

የኔታ ወረቀቱን መልሰው ራሷ ላይ እጃቸውን ጫኑ።

«ከዚያ ሁሉ መሥሪያ ቤት ከአንቺ በቀር እንዴት ናችሁ ያለን የለም። ጠያቂ አያሳጣሽ፣ ልጄ።»

ዓይናለም አንገቷን ደፍታ አሜን አለች።