የአባባ ቤት ልቀት

ወንድሜን ዩኒቨርሲቲው ውስጥ በስሙ የሚጠራው የለም። «ጭስ ቆጣሪው» ነው የሚሉት። ሥራው የግቢውን የካርቦን ልቀት መለካት ነው፤ ጄኔሬተሩ የጠጣውን ናፍጣ፣ መኪኖቹ የፈጁትን ቤንዚን፣ የየሕንፃውን የመብራት ቆጣሪ እየዞረ ይለቅምና ዘንድሮ ይህን ያህል ቶን ለቀናል ብሎ ሪፖርት ያቀርባል። እኔ እዚያው ግቢ ቤተ መጻሕፍት ውስጥ መጽሐፍ አዋሽ ነኝ። «ጭስ ደግሞ በምን ይለካል? በኪሎ ነው በጆንያ?» ስለው «እትዬ፣ አንቺ መጽሐፍሽን ቁጠሪ» ይለኛል። ቀልድ አይሆንለትም እንጂ ሐቀኛ ነው። አንድ ሊትር ናፍጣ ከጎደለበት ምግብ አይበላለትም።

አባባ ዕድሜያቸውን ሙሉ የዚሁ ግቢ የውሃ ማፍያ ቦይለር ሲያነዱ የኖሩ ሰው ናቸው። ጡረታ ሲወጡ ከግቢው ጀርባ ካሉት አሮጌ የሠራተኛ ቤቶች በአንዷ ቀሩ። ሳንባቸውም አብሯቸው ጡረታ ወጣ። ኦክስጅን የምትሰጣቸው ማሽን አልጋቸው ሥር ቀን ከሌት ታጉረመርማለች፤ እሷ ከጠፋች ትንፋሽ የለም።

ታዲያ ወንድሜ ሲለካ፣ እነዚያ ቤቶች ጉድ ሆነው ተገኙ። ግድግዳቸው ብርድ ያስገባል፣ ማሞቂያው አይጠፋም፤ በሰው ሲካፈል ከግቢው ሁሉ የሚብስ ልቀት የእነሱ ሆነ። የዩኒቨርሲቲው ምክትል ፕሬዚዳንት የሪፖርቱን ረቂቅ አይቶ «ማፍረስ ነው! በአንድ ጊዜ ቁጥራችን ይወርዳል» አለ አሉ።

ያን ቀን ወንድሜ ፊቱ ጠቁሮ አባባ ቤት መጣ። እኔም ነበርኩ።

«አባባ፣ እነዚህ ቤቶች ሪፖርቱ ላይ ከታዩ ያፈርሷቸዋል።»

«እና ምን አስጨነቀህ? አታሳያቸዋ!»

«ውሸት ይሆናላ።»

አባባ ሳል እስኪይዛቸው ሳቁ። «ያን ሁሉ ዘመን ጭስ ሳወጣ ማንም አልቆጠረኝ፤ አሁን ትንፋሼን ልትቆጥርብኝ ነው? እናታችሁ ያረፈችበትን ቤት ለቅቄ የትም አልሄድም። እኔን ከቁጥር አውጣኝ፣ በቃ!»

እኔ ጋ፣ ፎቅ ላይ ካለችው ቤቴ ይምጡ ብዬ ለመንኳቸው። «ያን ሁሉ ደረጃ በየትኛው ሳንባዬ?» አሉኝ።

ወንድሜ ሲብሰለሰል ሰንብቶ መላ አገኘ። ለካ እያንዳንዱ ሪፖርት ወሰን አለው፤ ምን እንደሚቆጠርና ምን እንደማይቆጠር መጀመሪያ ላይ ይጻፋል። ቤቶቹን የግል መኖሪያ ናቸው ብሎ ከወሰን ውጭ አደረጋቸው። ምክትል ፕሬዚዳንቱ ደስታውን አልቻለም፤ ድንጋይ ሳይነሣ ቁጥሩ ወረደለት። ሽልማት መጣ፣ ፎቶ ተነሡ። ወንድሜ መሐል ቆሞ የተፈረደበት ሰው ይመስላል። አባባ ፎቶውን አይተው «አይ ልጄ፣ ጥርስ አልሠራሁልህም እንዴ?» ብለው ቀለዱበት።

ከዚያ ያ የተረገመ ከሰዓት መጣ። ቤተ መጻሕፍቱ ውስጥ መብራት ድርግም አለ። ተማሪዎቹ አጉረመረሙ፣ ወዲያው ጄኔሬተሩ ተነሥቶ አምፖሉ ሁሉ በራ። «ተመስገን» አልኩ፣ የአባባም ማሽን ተነሣች ብዬ። ሁሌም እንደዚያ ነበራ! የግቢው ጄኔሬተር ሲነሣ የሠራተኛ ቤቶቹም አብረው ይበሩ ነበር። ትርፍ የኦክስጅን ሲሊንደር ኖሮን አያውቅም፤ ትርፋችን ጄኔሬተሩ ነበር። ተረጋግቼ መጽሐፌን ሳውስ ዋልኩ።

ከሥራ ወጥቼ በሩን ስከፍት ማሽኗ ዝም ብላለች። አባባ መስኮቱ ሥር ወንበር ላይ ናቸው። ቱቦው አፍንጫቸው ላይ ነው፤ አንድ እጃቸው የመስኮቱን መያዣ ጨብጧል፤ መስኮቱ ግን ገርበብ ብሎ ቀርቷል። እጃቸውን ነካሁት፤ ቀዝቅዟል። ሥራ ቦታ መሳቢያ ውስጥ ትቼው የዋልኩትን ስልክ ከቦርሳዬ ሳወጣው ደጋግመው ደውለዋል። ያን ስልክ እስከ ዛሬ ማየት አልወድም።

ለቅሶው ላይ የግቢው ኤሌክትሪሻን እያለቀሰ መጣ። «የታዘዝኩትን ነው እኔ» አለ። «ከወሰን ውጭ ላለ ቤት የኛን ናፍጣ ማቃጠል ቁጥሩን ያበላሻል ተብዬ መስመሩን ቆረጥኩ። ለነዋሪዎቹ ተነግሯል ነው ያሉኝ።»

ማን ነገረን? ማን! ደሜ ፈላ፤ ኮሌታውን አነቅሁት።

«ልቀቂው፣ እትዬ» አለኝ ወንድሜ ከጥግ። «የጻፍኩት እኔ ነኝ።»

«አውጣኝ ያሉህ እሳቸው አይደሉም እንዴ!» ብዬ ጮኽኩበት። እንባ እንኳ አልወጣውም፤ ያ ነው ያስፈራኝ።

ዘንድሮ አዲሱን ሪፖርት ሲሠራ ቤቶቹን መልሶ አስገባቸው። ምክትል ፕሬዚዳንቱ ቁጥራችንን አበላሸህ ብሎ ቢጮህበትም ንቅንቅ አላለም። እንደጨረሰ ቤተ መጻሕፍት ድረስ ይዞት መጣና ጠረጴዛዬ ላይ ዘረጋው። የየቤቱ ልቀት ለየብቻው ሰፍሯል። በጣቱ አንዷ ላይ አሳየኝ። የአባባ ቤት፣ ዜሮ ይላል።

«ስህተት እንዳይሆን ተመላልሼ ቆጣሪውን አየሁት፣ እትዬ» አለኝ። «አይዞርም። ይኼ ውሸት አይደለም።»

ይህን ብሎ እዚያው ጠረጴዛዬ ላይ ተደፍቶ አለቀሰ፤ በሥራ ሰዓት፣ ተማሪው ሁሉ እያየው።