ሻጋታ የሌለበት ቤት

ልብስ ሰፊዋ ቁም ሣጥኑን ከግድግዳው ያራቀችው ከኋላው የወደቀ መቀስ ልታነሳ ነበር። መቀሱን ረሳችው። ግድግዳው ከወለሉ እስከ ወገቧ ድረስ ጠቁሯል፤ ጠርዝ ጠርዙ ላይ እንደ ጥጥ የነጣ ሻጋታ አብቦበታል። በጣቷ ነካ ብታደርገው ልስኑ እንደ እርጥብ ዳቦ ተቦጨቀ።

አብራት የምትኖረው እናቷ የአስም በሽተኛ ናት። ወደዚህ ክፍል ከገቡ ወዲህ፣ ስምንት ወር ሙሉ፣ ጠዋት ጠዋት ደረቷ እያፏጨ ነው የምትነሳው። ሐኪም መድኃኒት ቢጨምርላት፣ በአፍ የሚሳበው ፓፍ ቢቀየርላት፣ ወይ ፍንክች! "ብርዱ ነው" ትላለች። ሲላት ደግሞ "ዕድሜ ነው።"

ክፍሉ የአክስቷ ነው። አክስትየዋን ጎረቤቱ ሁሉ "መስታወት" ይላታል፤ ወለሏ ፊት ያሳያልና። ወላጆቻቸው በልጅነት ሲሞቱባቸው መስታወትን አዝላ ያሳደገቻት የልብስ ሰፊዋ እናት ናት። መስታወትም ታላቅ እህቷን ያለ ኪራይ ስታስጠጋ ውለታ መመለሷ ነበር፤ ለሰውም ይህንኑ ስታወራ አትደክምም።

ልጅቷ አክስቷን ጠርታ ግድግዳውን አሳየቻት። ከወዲያኛው በኩል የአክስቷ መታጠቢያ ቤት አለ፤ አምና ነው አዲስ ሴራሚክ ያስለጠፈችው።

"ቧንቧው ሳያፈስ አልቀረም አክስቴ። ሠራተኛ ጠርተሽ ይከፈትና ይታይ።"

"ምኑ ነው የሚከፈተው? ሴራሚኬ?" አለች መስታወት አፍንጫዋን ይዛ። "ይኸ የእናንተ ጣጣ ነው! መስኮት አትከፍቱ፣ ልብስ ቤት ውስጥ ታሰጣላችሁ፣ ቀኑን ሙሉ በካውያ እንፋሎት! እኔ ቤት ሻጋታ ኖሮ አያውቅም።"

ልጅቷ መስኮቱን ከፍታ መዋል ጀመረች። ልብሱን ውጭ አሰጣች፤ ካውያውንም በረንዳ አወጣች። ግድግዳው ጭራሽ ባሰበት። አንድ ቅዳሜ ትዕግሥቷ ተሟጠጠና እናቷን ጎረቤት ልካ፣ አፍና አፍንጫዋን በጨርቅ አስራ፣ በረኪና በባልዲ ይዛ ተነሳች። ፈተገች፣ ፈተገች። ሽታው ሳይወጣ እናቷ፣ ለካ መነጽሯን ረስታ ኖሯል፣ ተመልሳ ገባች።

ሁለት እርምጃ አልተራመደችም። የበሩን መቃን ይዛ ቀረች፤ ትከሻዋ ወደ ላይ ወደ ላይ ይላል፤ ከንፈሯ ዐመድ መስሏል። ፓፉን ሦስቴ ሳበችው፤ አልረዳትም። ልጅቷ በረኪና በነካው እጇ ደግፋ አስፋልቱ ድረስ እንዴት እንዳደረሰቻት ራሷም አታውቀውም።

ሆስፒታል ገብታ በኦክስጅን ትንፋሿ መለስ ሲል፣ አንዲት ወጣት ሐኪም አልጋው ግርጌ ቆማ ጠየቀቻት።

"እማማ፣ ቤትዎ እርጥበት አለው? ሻጋታ አለ?"

መስታወት ከራስጌ ቆማ የእህቷን እጅ ይዛ ታለቅሳለች፤ ዕንባዋ የውነቷን ነው። እናት ቀና ብላ አየቻት። ከዚያ ጭንብሉን ከአፏ ከፍ አድርጋ፣ "ኧረ የለም ልጄ" አለች። "ቤታችን ንጹሕ ነው።"

"አለ!" አለች ልብስ ሰፊዋ። "ግድግዳው በስብሷል! ብነግራት ብነግራት ጆሮ ዳባ ልበስ አለችኝ!"

"ያፈንሻት አንቺ በበረኪናሽ!" ጮኸች መስታወት።

ልጅቷ በረኪና የሚሸተውን እጇን ወደ ኋላ ደበቀች፤ ግማሹ እውነት ነበራ። ሐኪሟ ግን ቁርጡን ነገረቻቸው፦ በረኪና እናትየዋ ባለችበት አይነካም፤ ውሃው ከምንጩ ካልቆመ ደግሞ ሻጋታው ቢፈተግም ይመለሳል። መስታወት እንዳልሰማ ሰው ወደ መስኮቱ ታያለች።

በአራተኛው ቀን ሲመለሱ ክፍሉ ነጭ ሆኖ ጠበቃቸው። መስታወት ቧንቧውን ሳታስነካ፣ ቀለም ቀቢ አስመጥታ በሻጋታው ላይ አስቀብታበታለች። "ለእህቴ ብዬ!" አለች፣ ጎረቤቶቿን ሰብስባ እያሳየች። እናት እያለቀሰች መረቀቻት። ቀለሙ ሳምንት አልቆየም፤ መጀመሪያ አበጠ፣ ቀጥሎ ተላጠ፣ ከሥሩ ያው ጥቁሩ ብቅ አለ። የእናትም ደረት ማፏጨቱን ቀጠለ።

ልጅቷ ሁለተኛ ፎቅ ላይ፣ የጠዋት ፀሐይ የሚገባበት ጠባብ ክፍል ተከራየች፤ ማዕዘኑን ሁሉ ዳብሳና አሽትታ። እናት አልሄድም ብላ ሙጭጭ አለች።

"በእህቴ ላይ ሰው እንዲያወራ?"

"እንግዲያው ስትሞቺ አልቀብርሽም!" አለቻት ልጅቷ። እናት ነጠላዋን ለብሳ ተከተለቻት።

አሁን እናት ደህና ትተነፍሳለች። ደረጃውን ሳታርፍ ትወጣዋለች። ግን ስልኳን ጭኗ ላይ አስቀምጣ መስኮቱ ሥር ትውላለች፤ እህቷ አትደውልም፣ ቢደወልላትም አታነሳም። ልጅቷ "እማ፣ ዛሬስ እንዴት ነሽ?" ስትላት፣ ፊቷን ሳታዞር፣ "ትንፋሽ እንደሆነ አለ" ትላታለች።

ባለፈው ሳምንት፣ መስታወት ክፍሉን እንደገና አስቀብታ ለአንዲት አራስ አከራየችው ሲባል ሰሙ። ልጅቷ ስፌቷን አቋርጣ ብድግ አለች።

"ወዴት ነው?" አለች እናት፣ ከስንት ጊዜ በኋላ ዞር ብላ እያየቻት።

"አራሷን ልነግራት።"

"እህቴን በሰው ፊት ልታዋርጂ? ከዚህ በር ከወጣሽ ልጄ አይደለሽም።"

ልጅቷ ጫማዋን አጥብቃ አሰረችና ወጣች።