ከሚል የጨመረበት ፊልም

የቦንጋ ሰው ፊልም የሚያየው በዓይኑ ሳይሆን በከሚል አፍ ነበር ቢባል ውሸት አይሆንም። ከሚል ቪዲዮ ቤት ውስጥ ማይክ ይዞ የውጭ ፊልም ወደ አማርኛ የሚመልስ ልጅ ነው። እንግሊዝኛው ያን ያህል አይደለም፤ ምላሱ ግን ለጉድ ነው።

አንድ ቀን የመጣው የአቶሚክ ቦምብ ፊልም ግን አስቸገረው። ኮት የለበሱ ሳይንቲስቶች ሦስት ሰዓት ሙሉ ሰሌዳ ላይ ቁጥር እየጻፉ ይከራከራሉ፤ ቦምቡ የወደቀባቸው ሰዎች አንዴም አይታዩም። ተመልካቹ ማፏጨት ሲጀምር ከሚል ከራሱ ጨመረ። በሥራው ተጸጽቶ አንገቱን የደፋውን ሳይንቲስት በሰው ሞት የሚደሰት እብድ አደረገው። "ጨረሬ የነካው ሰው ሥጋው ከአጥንቱ ይላቀቃል፤ ነፍሱ ግን ቶሎ አትወጣለትም" አስባለው። ፉጨቱ ቆመ። ገበያ ውስጥ ጨርቅ የሚሸጡት እናቱ እትዬ መኪያም ልጃቸውን ሊሰሙ መጥተው ፊት ተቀምጠው ነበር። ኮርተውበት ወጡ።

በዓመቱ እትዬ መኪያ የማህፀን ካንሰር ተገኘባቸው። ሐኪሙ ቶሎ ጅማ ሄደው የጨረር ሕክምና ቢጀምሩ የመዳን ተስፋ እንዳላቸው ነገራቸው። "ጨረር" ሲባል ፊታቸው ተለወጠ። አልሄድም አሉ።

"እማ፣ ውሸቴን ነበር። ሰው እንዳይሰለች ብዬ ነው የጨመርኩት" አለ ከሚል፣ እግራቸው ሥር ተንበርክኮ።

"ያኔማ ለማን ብለህ ትዋሻለህ? የምትዋሸው አሁን ነው፤ እንዳልሞትብህ ብለህ።"

ፊልሙን በስልኩ ከፍቶ የሳይንቲስቱን ሐዘን አሳያቸው። ፊታቸውን አዞሩ። ሽማግሌ ላከ፣ ነርስ አመጣ፣ አለቀሰ። አራት ወር እንዲሁ አለፈ።

በአምስተኛው ወር ሕመሙ ሲጠናባቸው "እሺ፣ ላንተ ስል ልቃጠል" አሉት። ጅማ እስኪደርሱ እጁን አልለቀቁም።

ሐኪሙ ውጤቱን አይቶ ከሚልን ለብቻው ኮሪደር ላይ ጠራው። በሽታው ጉበታቸው ላይ ደርሷል፤ ጨረር ከእንግዲህ አያድናቸውም። ማስታገሻ ተሰጥቷቸው ቤታቸው ይረፉ አለው። "ከአራት ወር በፊት ብትመጡ ኖሮ" ብሎ ቀሪውን ተወው። ከሚል ግድግዳውን ይዞ ቆመ።

እንባውን ጠርጎ ሲገባ እናቱ አግዳሚው ወንበር ላይ ይጠብቁታል።

"መቼ ነው የሚያስገቡኝ?"

"ጨረሩ ቀርቷል፣ እማ።"

እትዬ መኪያ ፊታቸው በራ። "አልሐምዱሊላህ" አሉና ጉንጩን ደጋግመው ሳሙት። "ተረፍኩ እኮ፣ ልጄ!"

"አዎ እማ፣ ተረፍሽ" አላቸው።