አፉ ያልኩበት ቪዲዮ

ቪዲዮው አርባ ሁለት ሰከንድ ነበር። የቀረጽኩት እኔ ነኝ፣ ፒያሳ ካለችው የሞባይል መጠገኛ ሱቄ ደጃፍ ቆሜ። ታናሽ ወንድሜ ሀፊዝ ባጃጁ ውስጥ ተቀምጧል፤ ሁለቱም እጆቹ መሪው ላይ ናቸው። «ጥፋት ካለብኝ ክሱን ጻፍልኝ፣ በእጅ ግን ጉቦ አልሰጥም» ይላል። ያስቆመው ፖሊስ፣ ሱሌማን፣ በዱላ ፊቱን ይለዋል። ሦስት ጊዜ። ከዚያ ጎትቶ አውርዶ ወደ ጣቢያ ይወስደዋል።

ቤት ገብቼ ቲክቶክ ላይ ልለቀው ስል ሽማግሌዎች ደረሱ። እኛ ሰፈር፣ ቧንቧ ውሃ፣ ደጅ የመጣ ሽማግሌ አይመለስም። ኒካዬን ያሰሩት ሼህ መሕሙድና የአባቴ ጓደኛ ጋሽ አግማስ ናቸው። ከኋላቸው ሱሌማን አንገቱን ደፍቶ ገባና ተንበረከከ።

«ሳፊያ፣ በአላህ ይሁንብሽ፣ አፉ በይኝ፣ ይቅር በይኝ። እሱ ምንም አላደረገም፣ እኔ ነኝ ተናድጄ የመታሁት። ነገ ይፈታል፣ ወላሂ!»

«ልጄ፣ አላህ ያየውን ሰው ባያየው ምን ይጎድላል?» አሉ ሼህ መሕሙድ።

አፉ አልኩት። ቪዲዮውንም ፊታቸው አጠፋሁት። ሱሌማን እያመሰገነ ሲነሳ «ቆይ» አልኩት። የተሰረዘ ነገር ሠላሳ ቀን የሚቀመጥበት ቦታ አለ፤ እነሱ አያውቁም፣ ስልክ ጠጋኟ እኔ ግን አውቃለሁ። ከዚያም አጠፋሁት፤ የተደበቀ ነገር ያለበት እርቅ ምኑን እርቅ ነው ብዬ። ጅል! ያኔ ግን በራሴ ኮርቼ ነበር።

ሀፊዝ ተፈታ። በሦስተኛው ሳምንት መጥሪያ መጣለት፦ ሥራ ላይ ያለ ፖሊስ በመደብደብ። ሱሌማን ዱላ ያነሳበትን ምክንያት ለአለቃው መጻፍ ነበረበትና፣ ቀድሞ የመታኝ ሹፌሩ ነው ብሎ ጽፎ ኖሯል። መንገድ ላይ ይዤ ስጠይቀው «ወረቀቱ አንዴ ወጥቷል፣ እኔ ምን ላድርግ?» አለኝ።

ያን ቀን ባጃጁ ውስጥ የነበረችውን ተሳፋሪ ኮምቦልቻ ድረስ ወርጄ አገኘኋት፤ የፋብሪካ ሠራተኛ ናት። «እህቴ፣ ከፈረቃ ከቀረሁ ያባርሩኛል» አለች። ሼህ መሕሙድ ዘንድ ሄጄ መስክሩልኝ ብዬ ለመንኩ። አለቀሱ።

«እርቅ ላይ የሰማነውን ችሎት ካወጣነው፣ ነገ ማን ጥፋቱን ያምንልናል? አፉ በይኝ፣ ልጄ።»

ጋሽ አግማስም ያንኑ ደገሙልኝ፤ ሁለቱንም አፉ አልኳቸው። ምን ላድርግ?

ሱሌማን በቁርኣን ምሎ መሰከረ። እኔ ቪዲዮ ነበረኝ ስል ዳኛው «የት አለ?» አሉኝ።

«አጠፋሁት።»

«ማን አስገደደሽ?»

«ማንም።»

ሀፊዝ ላይ አንድ ዓመት ከስድስት ወር እስር ፈረዱበት።

የታረቁትን ሰው ሰላምታ መንፈግ ነውር ነው። ሱሌማን በየጠዋቱ በሱቄ በኩል ሲያልፍ ሰላም ይለኛል፣ እኔም እመልስለታለሁ። እጠላዋለሁ፣ ግን እመልስለታለሁ። ዛሬ ጭራሽ ገባ።

«አሰላሙ ዓለይኩም፣ ሳፊያ። ስልኬ ሞልቶብኛል፣ የማያስፈልገውን አጥፊልኝ።»

«ወዓለይኩም ሰላም» አልኩና ስልኩን ተቀብዬ «የቱን ላጥፋልህ?» አልኩት።