የመሄጃ ፈቃድ

«በነጻ እሠራለሁ አልኩህ እኮ» አለች ዴልፊና። «ደመወዝ የጠየቀህ ማን ነው?»

«ችግሩ እሱ ነው» አለ ኦርሊን። «ብትጠይቂኝ ይሻል ነበር። መንግሥት ከተዘጋ በኋላ በነጻ መሥራት ሕግ መጣስ ነው። ግቢ ውስጥ ከተገኘሽ የምጠየቀው እኔ ነኝ።»

«እንግዲያው አታግኘኝ። በጓሮ በኩል እገባለሁ።»

«ዴልፊና…»

«ዓይንህን ጨፍን። ለሌላው ነገር ስትጨፍን አይቼሃለሁ።»

ኦርሊን የፌዴራል መንግሥቱ ዓሣ ማራቢያ ኃላፊ ነው፤ ዴልፊና ሠራተኛው ናት። ከእሷ ጋር ሲከራከር ዓመታት ስላለፉት በቀላሉ አይቆጣም። ሁለቱ የቆሙት ከትልልቆቹ ኩሬዎች ርቃ ለብቻዋ በተሠራችው ትንሽ ቤት ደጃፍ ላይ ነበር። ውስጥ፣ በክብ ገንዳዎች ውስጥ፣ ትራውት የሚባሉ ጣት የሚያህሉ ዓሦች ወደ ውሃው መግቢያ ዞረው ይዋኛሉ። ውጭ ደግሞ ዓሦቹን ሊወስድ ከግዛቱ መስተዳድር ማራቢያ የመጣው ሮይ መኪናውን አስነስቶ፣ ክርኑን በመስኮቱ አውጥቶ ይጠብቃል።

ዕለቱ ዓርብ ነው። የአሜሪካ ኮንግረስ ለፌዴራል መንግሥት የፈቀደው ገንዘብ በዚያ ሌሊት ያበቃል፤ ሌላ ካልፈቀደ መሥሪያ ቤቶቹ ይዘጋሉ፣ ሠራተኞቹም ቤታቸው ይቀመጣሉ። ቀኑን በሦስት ሳምንት የሚገፋ ጊዜያዊ የበጀት ሕግ ቀርቦ አንደኛው ምክር ቤት አሳልፎታል፤ ሌላው፣ ሴኔቱ፣ ግን ገና እየተጨቃጨቀበት ነበር። እንዲህ ያለው ሕግ ብዙ ጊዜ በመጨረሻዋ ሰዓት ደርሶ አድኗቸዋል። አንድ ጊዜ ግን ሳይደርስ ቀርቷል።

ያን ጊዜ ዴልፊና ከቤትሽ አትውጪ ተብላ ነበር። ግቢው ውስጥ እንዲቆይ የተፈቀደለት ፓምፖቹን የሚጠብቀው ቤኒቶ ብቻ ነው። አንድ ሰው ለዚያ ሁሉ ኩሬ። እሱ ላይኛው ኩሬ ላይ ሳለ የትንሿን ቤት የውሃ መግቢያ ቅጠል ደፈነው። ሲመለስ ከግማሽ የሚበልጡት ዓሦች ሆዳቸውን ወደ ላይ አድርገው ተንሳፍፈዋል። ቤኒቶ ለዴልፊና ደውሎ ስሟን ብቻ ጠራ። እሷም ሳይነግራት ገባት።

የተረፉት እነዚህን ወለዱ። ዘራቸው የሳውስ ጅረት ትራውት ነው፤ ከዚያ ጅረት በቀር የትም ኖሮ አያውቅም። ተራራው በተቃጠለ ጊዜ ዝናቡ አመዱን ጠርጎ ጅረቱ ውስጥ ከማስገባቱ በፊት ዴልፊናና ጓደኞቿ የመጨረሻዎቹን በባልዲ ተሸክመው ወርደዋል። ከዚያ ወዲህ ጅረቱ ባዶ ነው። አሁን ግን ዳርቻው ላይ አኻያው እንደገና በቅሏል። በጸደይ ዓሦቹን ልትመልሳቸው፣ በበጋው ደግሞ ጡረታ ልትወጣ ነበር።

«የግዛቱ ማራቢያ አይዘጋም» አለ ኦርሊን። «በጀታቸው ሌላ ነው። እዚያ በሕይወት ይኖራሉ።»

«ውሃቸው ተውሳክ አለበት። አንዴ ከገቡበት ይይዛቸዋል፤ ከዚያ ማንም ወደ ጅረቱ መልሺያቸው አይለኝም። ይኖራሉ፤ ሕፃናት እየመጡ ብስኩት ይወረውሩላቸዋል።»

«ባለፈው ሕጉ ይደርሳል ብዬ ጠበቅሁ። ከዚያ የሆነውን አይተሻል።»

ዴልፊና ወደ ገንዳዎቹ ዞረች። እሷ በእሱ ቦታ ብትሆን ምን ታደርግ እንደነበር ሌሊቱን ሙሉ አስባበታለች።

ቤኒቶ ቱቦ በትከሻው ላይ ጠቅልሎ መጣ። ዓሦቹ ለጉዞ እንዲመቹ ሁለት ቀን ምግብ ተከልክለዋል፤ የሞላ ሆድ የመኪናውን ውሃ ያበላሻል።

«እነዚያን ሴናተሮች ነበር ሁለት ቀን ምግብ መከልከል» አለ። «እስካሁን እጃቸውን አውጥተው ጨርሰው ነበር።»

«እነሱም ውሃ ያበላሻሉ» አለ ሮይ ከመኪናው ሆኖ።

ዴልፊና መረቧን አነሳች። ሌላ ሰው እንዲነካቸው አልፈለገችም። እያጠለለች ለቤኒቶ አቀበለችው፣ እሱም ለሮይ። የመጨረሻው ገንዳ ባዶ ሲሆን ውሃው እንደ ልማዱ መዞሩን አላቆመም።

«የመንገዱ ኩርባ ላይ ቀስ እላለሁ» አለ ሮይ ሊነዳ ሲል።

«እንደምትል አውቃለሁ» አለችው።

ምሳ ሰዓት ላይ በሠራተኞቹ ክፍል ተሰበሰቡ። የቤኒቶ ሚስት በቂጣ የተጠቀለለ እንቁላልና ድንች፣ አረንጓዴ ቃሪያ ተጨምሮበት፣ ልካለች። ቴሌቪዥኑ ድምፁ ተቀንሶ ይሠራል። ሰዎች አዳራሽ ውስጥ ወዲያ ወዲህ ይላሉ፤ ስም ይጠራል፤ አንዱ ያዛጋል። ከዚያ ከሥር የሚሄደው ጽሑፍ ተለወጠ። ጊዜያዊው ሕግ አልፏል።

ኦርሊን ጠረጴዛውን በመዳፉ መታ። ወዲያው ወደ ዴልፊና ዞሮ እጁን ሰበሰበ። እሷ ስልኳን ጆሮዋ ላይ አድርጋ ነበር።

«ሮይ፣ የት ደረስክ?»

«ከተማ ነኝ፣ ነዳጅ እየቀዳሁ።»

«እዚያው ቁም። አትንቀሳቀስ። አልፏል።»

«ምኑ?»

«ሕጉ። አልተዘጋንም። ቁም ብቻ።»

ሕያው ዓሣ ያለ ጤና ፈቃድ በመንገድ አይሄድም። የሮይ ፈቃድ ደግሞ ለመሄጃ ብቻ ነው። የመመለሻውን መስጠት የምትችለው በቀጠናው ቢሮ ያለችው የዓሣ ሐኪም ዶክተር ሊንድኲስት ናት። ዴልፊና ደወለች። የተቀዳ ድምፅ ተቀበላት፦ መንግሥት በበጀት ምክንያት ስለተዘጋ ስልክ መመለስ አልችልም፤ ሲከፈት እመልሳለሁ።

«አልተዘጋም እኮ» አለች ዴልፊና ለድምፁ።

የቀጠናው ሠራተኞች መዘጋቱ አይቀርም ተብሎ በጠዋት ሲለቀቁ፣ ከመውጣታቸው በፊት ይህን መልእክት እንዲቀዱ ታዘው ነበር። ቀድተው ወጡ። ኦርሊን የሐኪሟን አለቃ ሞከረ፤ ያው መልእክት። የአለቃዋን ምክትል ሞከረ፤ ያው፣ ከበስተኋላ ውሻ ይጮኻል። ቤኒቶ በበኩሉ ለቀጠናው የተሰጠውን የአስቸኳይ ጊዜ ቁጥር ደወለ። ግድግዳው ማዶ የኦርሊን ቢሮ ስልክ ጮኸ፤ ከዚያ የኦርሊን የተቀዳ ድምፅ መለሰ።

«አንተ ነህ ያነሳኸው» አለው ቤኒቶ። «ተዘግተናል ትላለህ። ደስ የሚል ድምፅ አለህ።»

ማንም አልሳቀም፤ ቤኒቶም ለማሳቅ ብሎ አልነበረም።

ዴልፊና ለሮይ መልሳ ደወለች። «አንተ ራስህ ተመለስ በለው» አለችው ኦርሊንን።

ኦርሊን ስልኩን ተቀበላት። «ሮይ፣ ያለ ወረቀት ብትመለስ…»

«መንጃ ፈቃዴን ይወስዱታል» አለ ሮይ። «እሱን ተወው። በር ላይ ብደርስ ትቀበለኛለህ ወይ?»

ኦርሊን በመስኮቱ ወደ ግቢው በር አየ። ያለ ፈቃድ የመጣ ዓሣ በዚያ በር እንዳይገባ የሚከለክለውን ማስታወቂያ በሩ ላይ የሰቀለው ራሱ ነው። በሽታ ከገባ የሚያልቁት በሌሎቹ ኩሬዎች ውስጥ ያሉት የስንት ጅረት ዓሦች ናቸው።

ዴልፊና ስልኩን መልሳ ወሰደች። «እንዴት ናቸው?»

«ውሃው እየሞቀ ነው። ኦክስጅኑ የተሞላው ለመንገዱ ነው እንጂ ለመቆሚያ አይደለም።»

«ክዳኑን ክፈትና እያቸው።»

የብረት ድምፅ ተሰማ።  «ወደ ላይ እየመጡ ነው» አለ ሮይ። «አፋቸውን እየከፈቱ።»

ዴልፊና እንደገና ለሐኪሟ ደወለች። መልእክቱን እስከ መጨረሻው አዳመጠችው፤ ምናልባት መጨረሻው ላይ ሌላ ቁጥር ይኖር እንደሆነ ብላ። የለም። ወደ ሮይ ተመለሰች።

«ሂድ» አለችው።

«እርግጠኛ ነሽ?»

«ሂድ። ስትደርስ በአንዴ እንዳትገለብጣቸው። የነሱን ውሃ በጥቂት በጥቂቱ ጨምርላቸው። ይልመዱት።»

«እሺ።»

«ቀስ እያልክ።»

ስልኩን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችው። ኦርሊን ምግቡን ወደ እሷ ገፋ አደረገላት። እሷ ቃሪያውን ለይታ አውጥታ ሰሃኑ ዳር አኖረች፤ አልበላችም።

«ሦስት ሳምንት» አለው ቤኒቶ ኦርሊንን፣ ቴሌቪዥኑን ከፍ እያደረገ። «ያኔ ደግሞ የእኔ ተራ አይደለም፤ ምሳ ከቤትህ ታመጣለህ።»

«መጀመሪያ ያን መልእክት ላጥፋ» አለ ኦርሊን። «እንዴት ነበር የሚጠፋው? ኮከቧን ነው የምጫነው?»

«ስትቀዳው ማን አሳየህ?»

«ዴልፊና።»

«ኮከቧን ተጭነህ ሰባት። አይ፣ ዘጠኝ መሰለኝ» አለች ዴልፊና እየተነሳች።

ዴልፊና ወጥታ ወደ ትንሿ ቤት ሄደች። መረቧን በቧንቧው ሥር አጥባ ምስማሩ ላይ ሰቀለችው። የውሃውን መክፈቻ ዞራ አየችው፤ ሳትዘጋው ተወችው። ጃኬቷን ለበሰች። ከሠራተኞቹ ክፍል የኦርሊን ድምፅ ይሰማል፤ መንግሥት ተዘግቷል ይላል፣ ይቋረጣል፣ እንደገና ከመጀመሪያው ይጀምራል። ቤኒቶ ዘጠኝ አይደለም ስምንት ነው ይለዋል። መኪናዋን አስነሳች። በሩን ከፍታ አለፈች፤ ወርዳ መልሳ ዘጋችው፤ ቁልቁል ነዳች። ውስጥ የቢሮው ስልክ መጮኹን ቀጥሎ ነበር፤ መልእክቱ ጠፍቶ እንደሆነ ቤኒቶ እየሞከረው።